ፈላስፋው ንጉሥ ልጁን ለምን አነገሠ?

«ግላዲያተር» የተሰኘውን ፊልም ያየ ሰው ያቺን ትዕይንት አይረሳትም። ሽማግሌው ንጉሠ ነገሥት ማርከስ ኦሬሊየስ ዙፋኑን እንደማይሰጠው ሲነግረው፣ ልጁ ኮሞደስ አባቱን አቅፎ፣ አፍኖ ይገድለዋል። እውነተኛው ታሪክ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ማርከስ ልጁን አልከለከለውም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ177፣ ኮሞደስ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከጎኑ አስቀምጦ አነገሠው።

ብዙ ሰው በማርከስ የሚፈርደው በዚህ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ኔርቫ፣ ትራጃን፣ ሃድሪያንና አንቶኒነስ ፒየስ ሥልጣናቸውን ያስረከቡት ለጉዲፈቻ ልጅ ነበር። ማርከስ ራሱም በ16 ዓመቱ በአንቶኒነስ ጉዲፈቻ ሆኖ ነው በ161 ለዙፋን የበቃው። ታዲያ ፈላስፋ የተባለው ሰው ይህን መልካም ልማድ ለምን አፈረሰ?

ልማድ ከተባለ ነው እንግዲህ። አራቱም ሥልጣን ሲያወርሱ በሕይወት ያለ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። የአንቶኒነስ ሁለት ወንዶች ልጆች ቀድመውት ሞተዋል። ጉዲፈቻው ከመርህ ይልቅ የቸገረው ሰው መፍትሔ ነበር። ማርከስና ሚስቱ ፋውስቲና ግን ቢያንስ 13 ልጆች ወልደው፣ ከወንዶቹ ለአቅመ አዳም የደረሰው ኮሞደስ ብቻ ነው።

በ175 የሆነው ደግሞ ነገሩን አከበደው። ማርከስ በዳኑብ ወንዝ ዳር ከጀርመን ነገዶች ጋር ሲዋጋ፣ ሞቷል የሚል የሐሰት ወሬ ተነዛ። የምሥራቁ ጦር አዛዥ አቪዲየስ ካሲየስም ራሱን አነገሠ። ሶስት ወር ገደማ ቆይቶ የገዛ ወታደሮቹ ገደሉት። ራሱን ቆርጠው ቢልኩለት ማርከስ ለማየት አልፈቀደም። የአማፂው ደብዳቤዎችም ሳይነበቡ ተቃጠሉ፤ ቢነበቡ ኖሮ የስንቱ ሹም አንገት በተቀላ። በዚህ ምሕረቱ ፈላስፋነቱን አስመስክሯል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ኮሞደስን ወደ ጦር ሰፈሩ አስጠርቶ፣ አዋቂ መሆኑን በወታደሩ ፊት አሳወጀለት። ወሬ ብቻ ይህን ያህል ካመሰ፣ እውነተኛ ሞቱ ምን ሊያመጣ ነው? ዙፋን የተነፈገ የንጉሥ ልጅ ደግሞ ወይ ይገደላል፣ ወይ የአማፂ ባንዲራ ይሆናል።

ስለዚህ ጥፋቱ ልጁን መምረጡ አልነበረም፤ ሌላ ምርጫ የሚሰጥ ሥርዓት አለማበጀቱ ነበር። 19 ዓመት ነግሦ፣ ወረርሽኝና ጦርነት ሲያሯሩጡት፣ ሌሊት ለራሱ በግሪክኛ ማስታወሻ ሲጽፍ፣ ሥልጣን እንዴት እንደሚተላለፍ ያበጀው ሕግ የለም። በዚያ ዝነኛ ማስታወሻው መጀመሪያ ላይ ከማን ምን እንደተማረ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የኮሞደስ ስም ግን በመጽሐፉ ውስጥ የለም።

ማርከስ መጋቢት 17 ቀን 180 በዘመቻ ላይ ሞተ። ኮሞደስ ጦርነቱን በስምምነት አቁሞ ሮም ገባ፤ ግላዲያተር ሆኖ እስከ መታገል ደረሰ፤ በ192 የመጨረሻ ቀን አንድ ትግለኛ አንቆ ገደለው። በማግሥቱ ዓመት አምስት ሰዎች ዙፋኑን ይገባኛል አሉ። አሸናፊው ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ራሱን የሟቹ የማርከስ የጉዲፈቻ ልጅ አድርጎ አወጀ። ሲሞት ግን ያወረሰው ሁለቱን የአብራኩን ክፋዮች፣ ካራካላንና ጌታን ነው። ዓመት ሳይሞላ ካራካላ ወንድሙን አስገደለ።