ከቤት ውስጥ የሕክምና መጽሐፍ እስከ ኢንተርኔት፤ የአረጋውያን የጤና መረጃ አጭር ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ስሠራ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ለደም ግፊት ክትትላቸው መጡ። ይወስዱ የነበረው መድኃኒት ኢናላፕሪል ነበር። ከኪሳቸው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው፣ «ዶክተር፣ ልጄ ከአሜሪካ፣ ከኢንተርኔት አውጥታ የላከችልኝ ነው፤ እስቲ ይዩልኝ» አሉኝ። በር ላይ የቆመው ወረፋ ረጅም ነበርና ወረቀቱን ሳልዘረጋው፣ «አባቴ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈውን ሁሉ አይመኑ» ብዬ አሰናበትኳቸው። ከሁለት ወር በኋላ ግራ እጃቸው ዝሎ፣ በሰው ተደግፈው ተመለሱ። ወረቀቱ የሚለው መድኃኒቱ ደረቅ ሳል ሊያስከትል እንደሚችል ነበር፤ የሚለውም እውነት ነው። ሳሉ እንቅልፍ ቢነሳቸው መድኃኒቱን በራሳቸው አቁመውታል። ወረቀቱን በጊዜው አንብቤው ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱን በሌላ መለወጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር። ስህተቱ የወረቀቱ ሳይሆን የእኔ ነበር።

ይህ ገጠመኝ ሕመምተኞች ስለ ራሳቸው ጤና ያነበቡበትን ታሪክ መለስ ብዬ እንድመለከት አደረገኝ። በሀገራችን የመድኃኒት ዕውቀት ለብዙ ዘመን በብራና ተጽፎ በደብተራዎችና በባህል ሐኪሞች እጅ የቆየ ነው። ተመራማሪው ስቴፋን ስትሬልሲን ከእነዚህ መጻሕፍት ጥቂቶቹን አጥንቶ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ አሳትሟል። ሕመምተኛው ግን ከባለ ዕውቀቱ አንደበት ይሰማል እንጂ ራሱ አያነብም ነበር።

በአውሮፓም የሕክምና ዕውቀት ለብዙ ዘመን በላቲን ቋንቋ ታጥሮ ይኖር ነበር። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ቡካን እ.ኤ.አ. በ1769 በኤድንብራ «የቤት ውስጥ ሕክምና» የተሰኘውን መጽሐፍ ተራው ሰው በሚገባው እንግሊዝኛ አሳተመ። ሕክምና ከሕዝብ መደበቅ የለበትም የሚለው አቋሙ ሙያውን ያዋርዳል የሚል ተቃውሞ ቢያስነሳም፣ መጽሐፉ ደጋግሞ ታትሞ በብዙ ቤቶች ገባ።

ሁለተኛው በር የተከፈተው በቤተ መጻሕፍት በኩል ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሾው ቢሊንግስ እ.ኤ.አ. በ1879 የሕክምና ጽሑፎችን ማውጫ «ኢንዴክስ ሜዲከስ»ን ማሳተም ጀመረ። ይኸው ሥራ በ1964 ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ፤ በ1971 ደግሞ «ሜድላይን» በሚል ስም ከሩቅ ሆኖ መጠየቅ የሚቻልበት ሆነ። ይሁን እንጂ ተጠቃሚዎቹ በአብዛኛው ባለሙያዎች ነበሩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በሰኔ 1997 «ፐብሜድ»ን በነፃ ለሁሉም ሲከፍት ሐኪም ያልሆኑ ሰዎችም ገቡ። በመሆኑም በ1998 ለሕዝብ የሚሆነው «ሜድላይን ፕላስ» ተጀመረ። ዛሬ በዚሁ ገጽ ላይ በአማርኛ የተዘጋጁ የጤና ጽሑፎችም ይገኛሉ።

በሩ ሲከፈት የሐኪሙ የመጀመሪያ ስሜት ሥጋት ነበር። ሥጋቱም ከንቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ርእሰ አንቀጽ ለኢንተርኔት ጽሑፎች አራት መመዘኛዎችን አስቀምጧል፦ ጸሐፊው ማን ነው? ምንጩ ምንድን ነው? ከጀርባው ማን ያተርፋል? መቼ ተጻፈ? በጄኔቫ የሚገኝ አንድ ድርጅትም ከ1996 ጀምሮ የጤና ድረ ገጾችን በሥነ ምግባር ደንብ እየመዘነ የእምነት ምልክት ይሰጥ ነበር፤ ሥራው በ2022 ቆሟል። የጽሑፉ ብዛት ከመዛኙ አቅም በላይ ስለሆነ ሁሉን ገጽ በማኅተም መጠበቅ አልተቻለም።

አረጋውያንን በተመለከተ ግን ሌላ መንገድም ተሞክሯል። ሜሪ ፈርሎንግ እ.ኤ.አ. በ1986 በሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ «ሲኒየርኔት»ን ጀመረች። ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ኮምፒዩተርን ከእኩዮቻቸው ይማሩ፣ በእርሱም ይጨዋወቱ ነበር። ትምህርቱ ከብቸኝነት መውጫም ሆነ። በ2003 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ተቋምና ብሔራዊው የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ለአረጋውያን ብቻ የሚሆን የጤና ድረ ገጽ ከፈቱ። ፊደሉን ማጉላት፣ ቀለሙን ማድመቅ፣ ጽሑፉንም በድምፅ ማስነበብ ይቻል ነበር። ገጹ በ2017 ተዘጋ፤ የደከመ ዓይንና ጆሮ ለማንበብ ከመፈለግ እንደማያግድ ግን አሳይቶ አልፏል። በ2012 ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑት አሜሪካውያን 53 በመቶው ኢንተርኔት ይጠቀሙ ነበር፤ ከግማሽ በላይ ሲሆኑም የመጀመሪያው ነው።

ማንበብ መቻልና መረዳት አንድ አይደሉም። በካናዳ የሚኖሩት ኖርማንና ስኪነር እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ሰው በኢንተርኔት የጤና መረጃ ፈልጎ፣ መዝኖ፣ ለመጠቀም ያለውን ብቃት በስምንት ጥያቄዎች የሚለካ መጠይቅ አቀረቡ። መረጃው ለአንዱ አረጋዊ ዕረፍት ሲሰጥ ለሌላው ጭንቀት ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በየካቲት 2020 ከኮቪድ ወረርሽኝ ጋር የተዛመተውን የወሬ ጎርፍ ራሱን እንደ ወረርሽኝ ቆጥሮ ያስጠነቀቀው በከንቱ አልነበረም።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ኢንተርኔት በኢትዮጵያ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ይሁንና ብዙዎቹ አረጋውያኖቻችን ራሳቸው ፈልገው አያነቡም፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በስልክ አንብቦ ይነግራቸዋል፣ በውጭ ሀገር ያለ ዘመድም ይልክላቸዋል። እንግዲህ መረጃው በሰው አፍ ተቀብሎ በመተማመን የሚመጣ ነው። ሐኪሙ «ተወው» ሲል የናቀው ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ያንን ልጅ ጭምር ነው። አረጋዊውም በዚያች ቀን ማንበቡን አያቆምም፤ የሚያቆመው ለእኛ መንገሩን ነው። ጥያቄን በሰው ቋንቋ የሚመልሱ አዳዲስ ማሽኖች በመጡበት በዚህ ዘመን ይህ ዝምታ ይበልጥ አደገኛ ይሆናል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው መዝጊያው በእጃችን አለመሆኑን ነው። በእጃችን ያለው ጥያቄው ነው፦ «ስለ ሕመምዎ ወይም ስለ መድኃኒትዎ ምን አነበቡ? ምንስ ሰሙ? ያሳሰብዎት ነገር አለ?» ይህን ከመድኃኒት ማዘዣው በፊት መጠየቅ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አራቱን መመዘኛዎች ደግሞ ለአስታማሚው ልጅ ማስተማር ይቻላል።

መምህሩ ዛሬም በክትትል ላይ ናቸው። የእጃቸው ኃይል ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ወረቀት ይዘው ሲመጡ፣ የደም ግፊታቸውን ከመለካቴ በፊት ወረቀቱን አነባለሁ።