የቤት ሚዲያ ሰርቨር

የቤት ሚዲያ ሰርቨር የቴሌቪዥን ሥርጭትን ከዲሽ፣ ከአንቴና ወይም ከኢንተርኔት ተቀብሎ በሃርድ ዲስክ የሚቀዳ፣ የቀዳውንም ሆነ በቀጥታ የሚተላለፈውን በቤቱ ኔትወርክ ወደ ቴሌቪዥን፣ ስልክና ላፕቶፕ የሚያደርስ ኮምፒዩተር ነው። ከተራ ሪሲቨር የሚለየው ሥራውን ለሁለት በመክፈሉ ነው። ተቀብሎ የሚቀዳው ክፍል በአንድ ጥግ ሌት ተቀን ይሠራል፤ ማሳያው ክፍል ግን ተመልካቹ ባለበት ይከፈታል። ሳሎን ያለው ድራማ ሲያይ መኝታ ቤት ያለው ዜና ይከታተላል፤ ሁሉም ከተኛ በኋላ ደግሞ ሰርቨሩ የሌሊቱን ኳስ ይቀዳል።

ሥርጭትን ቀድቶ በሚመች ሰዓት ማየት ከቪዲዮ ካሴት ዘመን የመጣ ልማድ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 በሶኒና በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ክርክር፣ ነፃ ሥርጭትን በኋላ ለማየት ብሎ ቤት ውስጥ መቅዳት የቅጂ መብት ጥሰት አይደለም ሲል በ5 ለ4 ድምፅ ወሰነ። በ1999 ቲቮና ሪፕሌይቲቪ የካሴቱን ቦታ ለሃርድ ዲስክ ሰጡ። በ2002 አይዛክ ሪቻርድስ የጀመረው ሚዝቲቪ ይህንኑ አገልግሎት ሊኑክስ ለተጫነበት ተራ ኮምፒዩተር በነፃ አቀረበ። ኮዲ የተባለው ማሳያ መጀመሪያ ለኤክስቦክስ ጌም ማጫወቻ የተሠራ ፕሮግራም ነበር፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው በ2014 ነው። ፕሌክስ የተባለው የሚዲያ ሰርቨር ፕሮግራም የወጣው ከእሱ ነው። ጄሊፊን ደግሞ ኤምቢ የተባለው ሰርቨር ኮዱን ለሕዝብ ማካፈል ሲያቆም፣ በ2018 መጨረሻ ከዚያው ኮድ ተገንጥሎ ተወለደ።

ቲዩነርና ዲሽ

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን የሚያጠፋው በኮምፒዩተሩ ላይ ነው። ወሳኙ ግን ሥርጭቱን የሚይዘው ቲዩነር ነው፤ ከሁሉ በፊት ሊታሰብበት የሚገባውም እሱ ነው። ለዲሽ የዲቪቢ-ኤስ2 ቲዩነር ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ ውስጥ በካርድ መልክ የሚሰካ አለ፤ በዩኤስቢ የሚገናኝ አለ፤ በኔትወርክ ኬብል ብቻ የሚሠራ ሳት-አይፒ የሚባል ዓይነትም አለ። በአሜሪካ ገበያ በብዛት የሚገኘው ቲዩነር ለአገሩ የአንቴና ሥርጭት የተሠራ ስለሆነ ዲሽ አይቀበልም። ከአሜሪካ ዘመድ ዕቃውን ከመላኩ በፊት ይህን ማወቁ ወጪ ያድናል።

ስንት ቲዩነር ይበቃል? መቁጠር ያለበት ቻናሉ ሳይሆን ፍሪኩዌንሲው ነው። በሳተላይት ብዙ ቻናሎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ታጭቀው ስለሚመጡ፣ አንድ ቲዩነር በዚያ ፍሪኩዌንሲ ያሉትን ነፃ ቻናሎች በሙሉ በአንድ ጊዜ መቅዳት ይችላል። በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት በተጀመረው ኢትዮሳት በኩል የሚመጡት የአገር ውስጥ ቻናሎች ነፃ በመሆናቸው ለዚህ ይመቻሉ። የሁለት ፍሪኩዌንሲ ቻናሎች በአንድ ሰዓት ሲፈለጉ ግን ሁለት ቲዩነር የግድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግረው ኤልኤንቢ የሚባለው በዲሹ ፊት ያለ ሞገድ ተቀባይ ነው። ቲዩነር ለኤልኤንቢ በኬብሉ 13 ወይም 18 ቮልት እየላከ ቋሚውን ወይም አግድሙን ሞገድ ያስመርጠዋል። አንድ መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ኬብሉ ተሰንጥቆ ለሰርቨርም ለሳሎኑ ሪሲቨርም ቢሰጥ፣ አንዱ 13 ሌላው 18 ሲልክ የአንደኛው ምስል ይጠፋል፤ ቀረጻም እኩል ላይ ይበላሻል። መፍትሔው ሁለት ወይም አራት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ገዝቶ ለእያንዳንዱ ቲዩነር የራሱን ኬብል መዘርጋት ነው። እንደ ዲኤስቲቪ ያሉ የሚከፈልባቸው ቻናሎች የተቆለፉ በመሆናቸው ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው።

በሶፍትዌር በኩል የዲሽን ሥራ በደንብ የሚያውቀው ቲቪሄድኤንድ ነው። መልኩ አያምርም፤ ቻናል ፈልጎ መቅዳቱን ግን ይችልበታል። ጄሊፊን ኮምፒዩተሩ ውስጥ የተሰካን የሳተላይት ካርድ በቀጥታ ስለማያነብ፣ ቲቪሄድኤንድ ከፊት ሆኖ ተቀብሎ የቻናሎቹን ዝርዝር ያቀብለዋል። ፕሌክስ ለመቅዳት ክፍያ ይጠይቃል።

አቀዳድ

ሳተላይቱ የሚልከው ትራንስፖርት ስትሪም እያንዳንዳቸው 188 ባይት በሆኑ ትንንሽ ጥቅሎች የተከፋፈለ ነው። ሰርቨሩ የሚፈለገውን ቻናል ጥቅሎች ለይቶ እንደመጡ ዲስክ ላይ ይጽፋል እንጂ ምስሉን እንደገና አይሠራም። ስለዚህ ለመቅዳት ብቻ ከሆነ ራዝበሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒዩተርም ይበቃል። በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚመጣ ቻናል በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ይይዛል፤ በ1 ቴራባይት ዲስክ ከ270 ሰዓት በላይ ይገባል ማለት ነው። ቅጂው በሜሞሪ ካርድ ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ግን አይመከርም፤ ያለማቋረጥ ሲጻፍበት ቶሎ ያልቃል።

ስትሪሙን እንደመጣ የመጻፉ አሠራር መብራት በሚቆራረጥበት አገር የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው። ስትሪሙ የተነደፈው ተመልካች በማንኛውም ቅጽበት ቻናሉን ከፍቶ መሃል ላይ እንዲገባ ተደርጎ ስለሆነ፣ መብራት በ40ኛው ደቂቃ ቢሄድ እስከዚያ የተጻፈው ይታያል። ኤምፒ4 ፋይል ግን ማውጫው አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በመጨረሻ ነው፤ ሳያልቅ ከተቋረጠ ጭራሽ ላይከፈት ይችላል። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል እየቀዱ ወደ ኤምፒ4 መለወጥን የሚመክር ሰው መብራት ሲሄድበት ያየ አይመስልም። ፋይሉን ማሳነስ ካስፈለገ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ ይደረጋል። ለሰርቨሩና ለራውተሩ የሚበቃ ዩፒኤስ ቢኖር ደግሞ አጭር መቆራረጥ ጨርሶ አይሰማም።

የሰዓት ነገርም አለ። የፕሮግራም መርሃ ግብር ከሥርጭቱ ጋር የማይልክ ቻናል በሰዓት ተሞልቶ ነው የሚቀዳው። ከምሽቱ 2 ሰዓት የተባለው ዜና በሰርቨሩ 20:00 ተብሎ ይሞላል። ፕሮግራም በሰዓቱ እንደማይጀምር የታወቀ ስለሆነ፣ ከፊት ጥቂት ከኋላ ደግሞ በዛ ያለ ደቂቃ መጨመር ይበጃል።

ማጫወትና ከሩቅ ማየት

በቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ ለማየት ፋይሉ እንዳለ ይላካል። ኤምፔግ-2 የሆነ ሥርጭት በስልክ ብራውዘር ሲከፈት ግን ሰርቨሩ ወዲያው ወደ ኤች.264 መለወጥ አለበት፤ ጉልበት የሚጠይቀው ይህ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ለዚህ የተለየ ክፍል አላቸው፤ ራዝበሪ ፓይ 5 ግን የለውም። ስለዚህ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ኢንቴል ኮምፒዩተር ከአዲሱ ፓይ የተሻለ ምርጫ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

አዲስ አበባ ያለን ሰርቨር ዋሽንግተን ሆኖ ለማየት የሚወስነው የቤቱ ኢንተርኔት የመላኪያ ፍጥነት ነው፤ የማውረጃው ፍጥነት እዚህ አይረዳም። የሰርቨሩን በር ለኢንተርኔት ከመክፈት በዋየርጋርድ ቪፒኤን መግባት ይሻላል። የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት በዋሽንግተን ክረምት 8፣ በዋሽንግተን በጋ 7 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ሆኖ ቀረጻ የሚያዝ ሰው ሰርቨሩ በአዲስ አበባ ሰዓት መሞላቱን ማረጋገጥ አለበት።

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ለሕዝብ የቀረበን ሥራ ግለሰብ ለግል ጥቅሙ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ የመብቱ ባለቤት ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል፤ የባለመብቱን መደበኛ ጥቅም የሚጎዳውን ግን አይፈቅድም። የተቀዳን ድራማ ቴሌግራም ላይ መጫን ወይም ለጎረቤት በክፍያ ማሳየት በግል ጥቅም ስም አይሸፈንም።