ዘመነ ጽጌ በጣና ዳር

ክረምቱ አልፎ ጣና ሞልቶ በሚታይበት፣ ዐደይ አበባም በባሕር ዳር ዙሪያ በሚፈካበት ወራት፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ሊቃውንቱ ማኅሌተ ጽጌን ያዜማሉ። ትውፊት ድርሰቱን ለአባ ጽጌ ድንግል ይሰጣል። እያንዳንዱ ክፍል አምስት አምስት ስንኝ ያለው፣ ቤት የሚመታ የግእዝ ግጥም ነው፤ ቤት መምታቱም በቃል ለሚይዘው ሰው ታላቅ ረዳት ነው።

መጽሐፉን ለብቻው የሚያነብ ሰው የአበባ ውዳሴ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ 40ው ቀን የእመቤታችን ወደ ግብጽ መሰደድ የሚታሰብበት ስለ ሆነ፣ በአበባው ደስታ ውስጥ የስደት ኀዘን አለ፤ ብዙዎችም የፈቃድ ጾም ይጾሙበታል። ቅዳሜ ሌሊት ለእሑድ አጥቢያ ከበሮውና ጸናጽሉ ሲሰማ፣ ደስታውን ከኀዘኑ መለየት አይቻልም።

የጣና ደሴቶችን ብራናዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት በፎቶግራፍ አንሥቶ ኋላ በመዝገብ አሳትሟል። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን መዝገብ የመጽሐፉን ወርና ሌሊት አይነግረንም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የዚህን ድርሰት ታሪክ የሚጽፍ ተማሪ፣ ብራናውን ከመረመረ በኋላ የጥቅምትን ሌሊት በቅኔ ማኅሌት ቆሞ ማሳለፍ ይገባዋል፤ የትኛው ክፍል በየትኛው እሑድ እንደሚዜም የሚማረው ከዚያ ነውና።