የማኅበረሰብ የመሬት አደራ፦ ቤቱ ሲሸጥ የመሬቱ ትርፍ ለማን ነው?

የማኅበረሰብ የመሬት አደራ የመሬትንና የቤትን ባለቤትነት የሚለይ አሠራር ነው። መሬቱን ለዘለቄታው የሚይዘው ለትርፍ ያልተቋቋመ፣ ነዋሪዎች በሚወከሉበት ቦርድ የሚተዳደር ድርጅት ነው፤ በላዩ ያለው ቤት ግን የነዋሪው ነው። ነዋሪው ቤቱን ያድሳል፣ ለልጆቹ ያወርሳል፣ ሲፈልግም ይሸጣል። የማይፈቀድለት የመሬቱን የገበያ ዋጋ በቤቱ ላይ ደርቦ መሸጥ ብቻ ነው።

አሠራሩ የከተማ ሰዎች ፈጠራ ይመስል ይሆናል፤ መነሻው ግን እርሻ ነው። እ.አ.አ. በ1969 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ቻርልስ ሼሮድና ባልደረቦቹ፣ ለመብታቸው በመታገላቸው ከሚያርሱት የሰው መሬት ይባረሩ ለነበሩ ጥቁር ገበሬዎች መጠጊያ የሚሆን ‹ኒው ኮሚዩኒቲስ› የተሰኘ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ከ5,000 ኤከር በላይ መሬት ገዛ። በኋላ ድርቅ ገባ፤ የአስቸኳይ ጊዜ ብድርም ተነፈገው፤ እ.አ.አ. በ1985 መሬቱ በዕዳ ተወሰደ። የጋራ መሬትም ቢሆን ዕዳ ከተጫነበት ከእጅ ይወጣል።

ሐሳቡ ወደ መኖሪያ ቤት ሲሸጋገር ከታወቁት ድርጅቶች አንዱ እ.አ.አ. በ1984 በቨርሞንት ግዛት በርሊንግተን ከተማ የተመሠረተው ነው። በዚያ ቤት የሚሸጥ ሰው የከፈለውንና ቤቱን ለማሻሻል ያወጣውን ይመልሳል፤ የቤቱ ዋጋ ከጨመረው ላይ ደግሞ 25 በመቶውን ይወስዳል። ለምሳሌ በአንድ ሚሊዮን ብር የተገዛ ቤት 1.4 ሚሊዮን ቢያወጣ፣ የሻጩ ትርፍ 100,000 ብር ይሆናል፤ ቀሪው 300,000 ብር ለቀጣዩ ገዢ የዋጋ ቅናሽ ሆኖ ይቆያል። ሻጩ ባዶ እጁን አይሄድም፣ ቤቱም ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ እንደተመቸ ይቀጥላል።

በኢትዮጵያ የአሠራሩ ግማሽ በሕግ ያለ ነው ማለት ይቻላል። በ1967 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን፣ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን መሬት ከግል ባለቤትነት አወጡ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነና እንደማይሸጥ ደነገገ። ይሁን እንጂ መሬት አይሸጥም ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ዋጋው በሊዝ ጨረታ ይወጣል፤ ቤት ሲሸጥም ከቆርቆሮውና ከብሎኬቱ ጋር ተደርቦ ይከፈላል።

ሕግ አውጪው ይህን አላጣውም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሊዝ መብቱን የሚያስተላልፍ ሰው ከከፈለው ሊዝና ከግንባታው ዋጋ በላይ የሚያገኘውን በማስተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ወስኖታል። ገደቡ ግን ቤቱ ከግማሽ ሲያልፍ ያበቃል። የኮንዶሚኒየም ዕድለኞችን ለአምስት ዓመት ከመሸጥ ያገደው ደንብም ጊዜውን አዘገየ እንጂ ዋጋውን አልያዘም። የቤት ሥራ ማኅበራትም ቢሆኑ ቤቱ ተሠርቶ ለአባላት ከተከፋፈለ በኋላ በዳግም ሽያጭ ላይ ብዙውን ጊዜ ሥልጣን የላቸውም። የመሬት አደራ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው በርክክብ ቀን አያበቃም።

በምዕራብ ሸዋ ጉዳዩ ከቤት ፈላጊው ባሻገር አርሶ አደሩንም ይነካል። የከተማ መስፋፋት በዞኑ ምን ያህል ስሜት እንደሚቀሰቅስ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአምቦ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ ታይቷል። ለጊንጪው ተቃውሞ በምክንያትነት ከተነሡት መካከል የትምህርት ቤት ሜዳና የጭልሞ ደን መሬት ይገኙበታል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161፣ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ባለይዞታ ካሳው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲሰላ አድርጓል። ካሳው አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ መሬቱ በኋላ የሚያወጣው ዋጋ ግን ለሌላ ነው። አርሶ አደሩ በአደራው ቦርድ መቀመጫና በሚሠሩት ቤቶች ድርሻ ቢኖረው ስሌቱ ይለወጥ ነበር።

የጋራ አያያዝ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ጥድ፣ ዝግባና ወይራ በሚበቅልበት የጭልሞ ደን፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፋርም አፍሪካ ድጋፍ አሳታፊ የደን አስተዳደር ተዘርግቷል። ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ውል ገቡ፤ ማን ምን ያህል እንደሚጠቀምም በመተዳደሪያ ደንብ ወሰኑ። አባሉ ከደኑ ይጠቀማል፤ ደኑን ግን ቆርሶ ሊሸጥ አይችልም።

በአፍሪካ በቅርብ የሚጠቀሰው ሙከራ በኬንያዋ ቮይ ከተማ፣ ታንዛኒያ ቦንዴኒ በተባለው ሠፈር የተካሄደው ነው። ነዋሪዎቹ እ.አ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከግል የባለቤትነት ማረጋገጫ ይልቅ የመሬት አደራን መረጡ። የአገሪቱ ሕግ አሠራሩን በስሙ ስለማያውቀው የነዋሪዎች ማኅበርና የባለአደራዎች አካል ለየብቻ ማቋቋም ነበረባቸው። በኢትዮጵያም ቅርብ የሆነው መንገድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 985 ማኅበራት የራሳቸውን መተዳደሪያ ደንብ እንዲያወጡ ይፈቅዳል። የዳግም ሽያጭ ቀመሩ፣ ማኅበሩ ቀድሞ የመግዛት መብቱና መሬቱን በዕዳ የማያስይዝ ክልከላው በደንቡ የሚጻፉት ገና መሥራቾቹ ሲሰበሰቡ ነው፤ ቤቱ ተሠርቶ ዋጋው ከናረ በኋላ ትርፉን ለመተው የሚፈርም አባል አይገኝምና።