ዜና ፐርል በክ፤ የቻይናን ገበሬ ለምዕራባውያን ያስተዋወቀችው ደራሲ

የቻይናን ገበሬ ኑሮ በልብ ወለድ ጽፋ ለምዕራብ ሰዎች ያሳወቀችው የፐርል በክ ታሪክ ይህ ነው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈነዋል። ያመሰገኗትንም የነቀፏትንም ሳናዳላ እናነሣለን፤ ሥራዋ በእውነት የሚመዘነው የሁለቱም ወገን ቃል ሲሰማ ነውና።

ምዕራፍ 1። ስለ ልደቷና ስለ አስተዳደጓ

ፐርል በጁን 26 ቀን 1892 በአሜሪካ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ ሂልስቦሮ በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ አብሰሎም ሳይደንስትሪከርና እናቷ ካሮላይን በፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ወደ ቻይና የተላኩ የወንጌል ሰባኪዎች ነበሩ። ከእርሷ በፊት ከወለዷቸው ልጆች ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞተውባቸዋል። ለዕረፍት ወደ አገራቸው በመጡበት ጊዜ እርሷን ወለዱ፤ ገና ጡት ሳትጥልም ይዘዋት ወደ ቻይና ተመለሱ።

ያደገችው የያንግትዜ ወንዝና ታላቁ የመርከብ ቦይ በሚገናኙበት በጄንጂያንግ ከተማ ነው። ዋንግ የተባለች አሮጊት ሞግዚት የአገሩን ተረትና የመናፍስቱን ታሪክ ነገረቻት። ኩንግ የተባለ ሊቅም የቻይናን ፊደልና የኮንፊሽየስን ትምህርት አስተማራት። በዚህም ምክንያት የቻይንኛ ቋንቋ እንደ አፍ መፍቻዋ ሆነላት።

በ1900 ቦክሰር የተባሉት ዐመፀኞች በውጭ አገር ሰዎች ላይ ተነሡ። እናቲቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ሻንጋይ ስትሸሽ አባትየው በቦታው ጸና። ትናንት አብረዋት ይጫወቱ የነበሩት ሰዎች በነጭነቷ ብቻ ሲርቋት ፐርል ያን ጊዜ አየች። በሁለት ሕዝብ መካከል መቆም ምን እንደሚያስከፍል የተማረችው ገና በስምንት ዓመቷ ነው።

ምዕራፍ 2። ስለ ትዳሯና በገበሬዎች መካከል ስለ መኖሯ

ፐርል በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ በሚገኝ የሴቶች ኮሌጅ ተምራ በ1914 ተመረቀች። እናቷ በመታመሟም ወደ ቻይና ተመለሰች። በ1917 ጆን ሎሲንግ በክ የተባለውን የእርሻ ሊቅ አገባች፤ በአንሁይ ክፍለ ሀገር ሰሜን፣ ድርቅ በሚደጋግመው በናንሱቾ አውራጃም ተቀመጡ።

ባልየው ከመንደር መንደር እየዞረ የገበሬውን የመሬት ስፋት፣ ምርቱንና ወጪውን ይመዘግብ ነበር። በ1930 የታተመው መጽሐፉ በሰባት ክፍላተ ሀገር የሚገኙ 2,866 እርሻዎችን ያጠና ነው። ፐርልም አብራው እየሄደች ታስተረጉምለት ነበር። እርሱ ከወንዶቹ ጋር ስለ ሰብል ሲነጋገር እርሷ ወደ ሴቶቹ ጓዳ ትገባለች። ስለ ምጥ፣ ስለ አማት፣ በክፉ ቀን ስለ ሞቱ ሕፃናት የሚሉትን ትሰማለች። የኋለኛው መጽሐፏ ሥር የተተከለው በዚህ ጓዳ ነው።

በ1920 ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጅቱ ግን አእምሮዋ እንደ እኩዮቿ ሳያድግ ቀረ። በ1929 በአሜሪካ በሚገኝ የእንክብካቤ ማዕከል አኖረቻት። ለዚያ የሚከፈለው ገንዘብ ከባድ ስለ ነበረ እናቲቱ ብዕሯን መተዳደሪያ ልታደርገው ግድ ሆነባት።

ምዕራፍ 3። ስለ ናንጂንግ ሁከትና ስለ መጽሐፉ መጻፍ

ባልና ሚስቱ ወደ ናንጂንግ ተዛውረው በዚያ ባለው ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ በማርች 24 ቀን 1927 የቻይና ብሔርተኞች ጦር ከተማዪቱን ያዘ። ወታደሮችም የውጭ አገር ሰዎችን ቤት ይዘርፉ ጀመር። የዩኒቨርሲቲው ምክትል ፕሬዚዳንት ጆን ዊሊያምስ በዚያ ማለዳ ተገደለ። ፐርል ቀድሞ የረዳቻት አንዲት ድሃ ቻይናዊት ግን ቤተሰቡን ሁሉ ወደ ጎጆዋ አስገብታ ሸሸገች። ቢያገኟቸው እርሷም ከሞት እንደማትተርፍ እያወቀች ይህን አደረገች። የአሜሪካና የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ከወንዙ ላይ መድፍ ሲተኩሱ የውጭ ሰዎቹ ወጡ፤ እነ ፐርልም ወደ ሻንጋይ፣ ኋላም ወደ ጃፓን ተሻገሩ።

በተመለሰች ጊዜ በናንጂንግ ቤቷ ሰገነት ላይ ተቀምጣ «መልካሚቱ ምድር» የተባለውን ልብ ወለድ በሦስት ወር ያህል ጻፈች። ዐረፍተ ነገሩን በቻይንኛ እያሰበች በእንግሊዝኛ እንደምታሰፍረው ተናግራለች። ታሪኩ የዋንግ ላንግ ነው፤ ድሃ ገበሬ ሆኖ ከባለጸጎች ቤት ኦላን የተባለችውን ባሪያ ያገባል። ድርቅ ሲመጣ በሬያቸው ይታረዳል፤ ወደ ደቡብ ከተማ ተሰደውም እርሱ ሰው ተሸካሚ ጋሪ ሲጎትት ሚስቱና ልጆቹ ይለምናሉ። በሁከት መካከል ኦላን ባገኘችው ዕንቁ መሬት ይገዛሉ። ሀብቱ ሲበዛ ግን ባልየው ዕቁባት አስገብቶ የሚስቱን ልብ ይሰብራል። በረሃብ ዘመን በተወለደችውና አእምሮዋ ባልዳበረው ልጃቸው ታሪክ ውስጥ የደራሲዋ የራሷ ሐዘን አለ።

መጽሐፉ በማርች 1931 በጆን ዴይ ማተሚያ ቤት ወጣ። በ1931ና በ1932 በአሜሪካ እንደ እርሱ የተሸጠ ልብ ወለድ አልነበረም፤ በ1932ም የፑሊትዘርን ሽልማት ተቀበለ።

ምዕራፍ 4። ስለ ክርክሩና ስለ ክብሯ

የመጽሐፉ ዝና በተሰማ ጊዜ ከቻይና ሊቃውንት ተቃውሞ ተነሣ። ኪያንግ ካንግሁ የተባለው ፕሮፌሰር በ1933 በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ጽፎ፣ ተራ ገበሬና አሽከር የቻይናን ሕዝብ አይወክሉም ሲል ነቀፋት። እርሷም ብዙኃኑ አገሩን ካልወከለ ማን ይወክለዋል ብላ መለሰች። ታላቁ ደራሲ ሉ ሹን ደግሞ የቻይና ነገር በቻይናውያን ቢጻፍ ይሻላል፤ በቻይና ያደገች አሜሪካዊት ሰባኪ ያየችው የላዩን ነው አለ።

በ1937 መጽሐፉ በሆሊውድ ፊልም ሆነ። የቻይናውያኑ ባልና ሚስት ሚና ለፖል ሙኒና ለሉዊዝ ሬይነር ተሰጠ፤ ሬይነርም ኦስካር ተሸለመችበት። ትውልደ ቻይናዊቷ አሜሪካዊት አና ሜይ ዎንግ የኦላንን ሚና ተመኝታ ሳታገኝ ቀረች። ይህ ታላቅ በደል ነው፤ መጽሐፉ ያቀረበውን ሕዝብ ፊልሙ ከደጅ አስቀርቶታልና።

በ1938 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሰጣት፤ ከአሜሪካ ሴቶችም ይህን ያገኘች የመጀመሪያዪቱ ሆነች። በስቶክሆልም በቆመች ጊዜ የኖቤል ንግግሯ ስለ ቻይና ልብ ወለድ ነበር። ታሪክ መንገርን የተማርኩት ከዚያ ነው ብላ መምህሮቿን አከበረች።

ምዕራፍ 5። ስለ ሕጉ መሻርና ስለ ፍጻሜዋ

በ1882 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ቻይናውያን ሠራተኞች ወደ አገሩ እንዳይገቡ፣ ቻይናውያንም ዜግነት እንዳይሰጣቸው ይከለክል ነበር። የአሜሪካ ሕዝብም ቻይናዊን የሚያውቀው ፉ ማንቹ በተባለው የልብ ወለድ ሸረኛ አምሳል ነበር። ፐርልና ሁለተኛው ባሏ፣ አሳታሚዋ ሪቻርድ ዋልሽ፣ ሕጉ እንዲሻር ደከሙ፤ እርሷም በ1943 በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርባ መሰከረች። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በዲሴምበር 17 ቀን 1943 የሕጉን መሻር በፊርማው አጸደቀ። በዓመት እንዲገቡ የተፈቀደው 105 ሰው ብቻ ቢሆንም የዜግነት ደጅ ተከፈተ። በ1949ም ሌሎች ድርጅቶች አናሳድግም ያሏቸውን እስያዊ ደም ያላቸውን ልጆች የሚያስተናግድ ዌልካም ሃውስ የተባለ የጉዲፈቻ ድርጅት አቋቋመች።

ከ1934 በኋላ ግን ቻይናን አላየችም። በ1972 ለመሄድ ብትጠይቅ የቻይና መንግሥት ሥራዎቿ አዲሲቱን ቻይና ያጠለሻሉ ብሎ ቪዛ ከለከላት። በማርች 6 ቀን 1973 በቬርሞንት ዐረፈች፤ በፔንሲልቬኒያ በሚገኘው መቃብሯም ላይ ስሟ በቻይና ፊደል ተቀረጸ። ከዚያ በኋላ ዘመን ተለውጦ በጄንጂያንግና በናንጂንግ የኖረችባቸው ቤቶች መታሰቢያ ሆኑ።

እንግዲህ ፍርዱን እንናገር። ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ ሉ ሹን የፈራው ይህንኑ ነበር፣ ፍርሃቱም እውነት ነበረው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ብዙው ገበሬ ማንበብና መጻፍ አያውቅም፤ የተማረውም ብዙ ጊዜ እርሱን ለባዕድ ለማሳየት ያፍር ነበር። ፐርል የገበሬውን ድካምና ኃጢአት ሳትሸሽግ፣ ክብሩንም ሳትቀንስ ጻፈች። የባለቤቱንም ቦታ አልነጠቀችም፤ በ1935 ቻይናዊው ሊን ዩታንግ ስለ አገሩና ስለ ሕዝቡ በእንግሊዝኛ የጻፈው መጽሐፍ በባሏ በዋልሽ ማተሚያ ቤት ሲወጣ መቅድሙን የጻፈችው እርሷ ናት። ስለ ሌላ ሕዝብ የሚጽፍ ሁሉ በዚህ ይመዘን፤ በጓዳው ተቀምጦ ሰምቷልን? በደሉ እንዲነሣስ ደክሟልን? ባለቤቱ ሊናገር ሲነሣስ መንገድ ለቋልን? ፐርል በክ ሦስቱንም አድርጋለችና ስሟ በመልካም ይነሣ።