ውሃ ይነድዳልን?

በኬሚስትሪ ትምህርት ሰዓት ውሃን በባትሪ ወደ ሁለት ጋዞች ስንከፍል፣ ከጓደኞቻችን አንዱ «እንግዲያውስ መኪና በውሃ የማይነዳው ለምንድር ነው?» ሲል ጠየቀ። ሁላችንም ሳቅን፤ መልስ የሰጠ ግን አልነበረም። ስለዚህ የነገሩን ታሪክ መመርመር ጀመርን። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በ1766 እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቨንዲሽ አንድ ተቀጣጣይ ጋዝ ለይቶ አጠና። ይኸው ጋዝ ሲነድድ ውሃ እንደሚሆን ፈረንሳዊው ላቭዋዚየ በ1783 አስረዳ፤ በኋላም ሃይድሮጅን ተባለ፤ ትርጓሜውም «ውሃን የሚወልድ» ማለት ነው። በ1800 ኒኮልሰንና ካርላይል ቮልታ በፈለሰፈው ባትሪ ውሃን ከፈሉ። በ1839 ደግሞ ዊልያም ግሮቭ ሁለቱን ጋዞች መልሶ በማዋሐድ ኤሌክትሪክ አወጣ።

ታዲያ ምን ከለከለ? እንጨት ነድዶ አመድ እንደሚሆን፣ ሃይድሮጅንም ነድዶ ውሃ ሆኗል፤ አመድ ደግሞ ቢያራግቡት አይነድም። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት 9 ሊትር ውሃና 50 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፤ ሲነድድ ለሥራ የሚመልሰው ሙቀት ግን 33 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ሃይድሮጅን እንደ እንስራ ነው፤ የተቀዳለትን ይይዛል እንጂ አያመነጭም።

ቢሆንም ሥራው ከንቱ አይደለም። በኖርዌይ አገር፣ በሪዩካን ከተማ፣ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፏፏቴ ኤሌክትሪክ ርካሽ ስለ ነበረ ውሃ እየተከፈለ፣ ሃይድሮጅኑ ከናይትሮጅን ጋር ተዋሕዶ ማዳበሪያ ይሠራበት ነበር። ከተፈጥሮ ጋዝ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሲረክስ ግን ይህ ዘዴ በገበያ ተሸነፈ። ነገሩን የወሰነው የውሃው ብዛት ሳይሆን የኤሌክትሪኩ ዋጋ ነው።

በመኪናው ሳቅን፤ የማዳበሪያው ነገር ግን አያስቀንም። ከመካከላችን የገበሬ ልጆች አለን፤ በክረምት መግቢያ የማዳበሪያ ዋጋ በቤታችን ምን ያህል እንደሚያሳስብ እናውቃለን። አገራችን ማዳበሪያን ከባሕር ማዶ ታስመጣለች። በ2025 የተመረቀው የዐባይ ግድብ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ነገር ግን መብራት ያልገባለት ቤት ገና ብዙ ነው። ኤሌክትሪኩ በቅድሚያ ለየትኛው ይዋል? ይህ በምኞት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም፤ በሒሳብ ነው። ስለዚህ የተጠየቀው ጥያቄ ሳቅ አይገባውም ነበር፤ እኛ ዘንድሮ ከትምህርት ቤታችን ስንወጣ ይዘነው እንሄዳለን፤ ታናናሾቻችንም ሒሳቡን እንዲቀጥሉ አደራ እንላለን።