የግሪክ ታሪክ ጸሐፊዎች ምን ጻፉ፣ ምንስ ተዉ?

ታሪክ የምንማር ተማሪዎች ሄሮዶቱስን ተረት አብዢ፣ ቱኪዲዴስን ግን እውነተኛ ሊቅ አድርገን ማየት ይቀናናል። ሁለቱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበሩ ሲሆኑ የሰሙትን ሁሉ አልጻፉም። በበኩላችን ይህ የተለመደ ፍርድ እንደገና ሊመረመር ይገባዋል እንላለን።

ሄሮዶቱስ የሚባለውን መናገር ግዴታው እንደ ሆነ፣ ሁሉን ማመን ግን ግዴታው እንዳልሆነ በ7ኛው መጽሐፉ ገልጿል። እርሱም ቢሆን ይመርጣል፤ ስለ ቂሮስ አነሣሥ ሌሎች ሦስት ዐይነት ታሪኮች እንደሚያውቅ ከተናገረ በኋላ የሚተርከው አንዱን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ያላመነውን ለመጣል አይቸኩልም። ለዚህ በ4ኛው መጽሐፍ የሚገኘው የፊንቄያውያን ጉዞ ጥሩ ምስክር ነው። የግብጽ ንጉሥ ኒካዑ የላካቸው እነዚህ መርከበኞች ከቀይ ባሕር ተነሥተው፣ በየዓመቱ ከባሕር ዳር ወርደው እህል እየዘሩና እያጨዱ፣ በ3ኛው ዓመት ዛሬ ጅብራልታር በምንለው በኩል አልፈው ግብጽ ገቡ ይላል። አፍሪካን ሲዞሩም ፀሐይ በቀኛቸው እንደ ነበረች ተናገሩ። ሄሮዶቱስ ይህን እንደማያምን ገልጾ፣ ነገሩን ግን ጻፈው። ከምድር ወገብ እጅግ ርቆ በስተደቡብ ወደ ምዕራብ ለሚጓዝ ሰው የቀትር ፀሐይ በሰሜን፣ ማለት በቀኙ መሆኗ ግድ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ያላመነው ቃል ዛሬ ለጉዞው ዋና ማስረጃ ሆኖ ተገኘ። (ጉዞውን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት ዛሬም አሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ የሚከራከሩት እርሱ ባቆየላቸው ቃል ነው።)

ቱኪዲዴስ በአንጻሩ ተረት መሰል ነገር ከመጽሐፉ መቅረቱ ለሰሚ ደስታውን ሊቀንስ እንደሚችል ራሱ ያስታውቃል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ424 ዓመት የጦር አዛዥ ሳለ አምፊፖሊስ በጠላት እጅ ስለ ወደቀች 20 ዓመት በስደት ኖረ፤ በዚህም የስፓርታን ወገን ነገር ለመስማት ዕድል አገኘ። ምስክሮቹ፣ አንዱ በአድልዎ ሌላው በመርሳት፣ ስለ አንድ ነገር የተለያየ ቃል ይሰጡት እንደ ነበር ይናገራል። ያ የተለያየ ቃል ምን እንደ ነበረ ግን አብዛኛውን ጊዜ አልነገረንም። የዳኛውን ፍርድ ይዘን መዝገቡን ያጣን ያህል ነው። ዳኛው ብልህ ቢሆንም እንኳ ይግባኝ የምንልበት መንገድ የለንም።

በ514 ዓመት ስለ ተገደለው ስለ ሂጳርኮስ በጻፈበት ስፍራ ግን እንዲህ አላደረገም። ሟቹ የአቴና ገዢ ነበር የሚለውን የሕዝቡን እምነት ራሱን ጽፎ፣ ገዢው ታላቅ ወንድሙ ሂጲያስ መሆኑን በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሕፈት ጠቅሶ ያስረዳል። በዚያ ስፍራ ከእርሱ ጋር ሆነን ነገሩን ልንመዝን እንችላለን።